ጳጉሜ ላይ የቀረችው እህቴ

እኔ ዛሬ ታኅሣሥ 10 ቀን 2105 ዓ.ም. ላይ ነኝ። እህቴ ኤፍራታ ጳጉሜ 105 ቀን 2104 ዓ.ም. ላይ ነች። ሁለታችንም ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው፤ ፀሐዩም ብርዱም አንድ ነው። ትናንት አብረን ምሳ በልተናል።

ሕጉ አጭር ነው፤ ሕፃን ልጅ በቃሉ ይወጣዋል። መስከረም ሁለት ቀን የዕቅድ ክትትል ጽሕፈት ቤት ትሄድና በአዲሱ ዓመት አንድ ነገር አደርጋለሁ ብለህ ታስመዘግባለህ። ያልከውን ከፈጸምክ ጳጉሜ ሲያልቅ ትሻገራለህ። ካልፈጸምክ ጳጉሜ አያልቅልህም፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እያለ ይቀጥላል። ድሮ የሚመዘገበው ሦስት ነገር ነበር። የከተማው ግማሽ ሲቀር ጊዜ ወደ አንድ አወረዱት፤ ይህንንም ለሕዝቡ የተደረገ አስተያየት ነው ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያወሩልን ሰነበቱ።

ጳጉሜ ላይ የቀረ ሰው አይታሰርም። ክፉ የሚናገረውም የለም። የጳጉሜ ደሞዝ እንደሌለ ግን ከጥንት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ደሞዝ የለውም። ለጳጉሜ የቤት ኪራይ ተጠይቆ ስለማያውቅ ኪራይም አይከፍልም። ሩዝና ዘይት ከቀበሌ ይሰጡታል። የሚቸገረው ቀጠሮ ያለው ቀን ነው። ቀጠሮ ሁሉ መስከረም ነው፣ ጥቅምት ነው፣ ኅዳር ነው፤ እሱ ጋ ደግሞ መስከረም አልጠባም። ከቤቴ ጀርባ የሚኖረው ጸጋአብ የሚባል በር ሠሪ አሥር ኪሎ እቀንሳለሁ ብሎ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ቀነሰ። ዛሬ ጳጉሜ 1,200 አልፎታል። ሚስቱ ሁለት ዓመት ጠበቀችው፤ በሦስተኛው ሌላ አገባች። ማን ይፈርድባታል?

አሁን የራሴን ላውራ፤ ራሴን ላሳምር አልፈልግም። ረድኤት እባላለሁ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። መናኸሪያ፣ ስምሪት ክፍል ነው የምሠራው፤ የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ኤፍራታ በስድስት ዓመት ታናሼ ናት፣ ልብስ ሰፊ። እናታችንን እስከ መጨረሻው የጦረቻት እሷ ነች።

በ2103 ያስመዘገብኩት ዕቅድ «ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ከሥራ አልቀርም» የሚል ነበር። ጉራ ነው። አለቃዬ ከኋላዬ ተሰልፎ ስለነበር እሱ ይስማልኝ ብዬ ነው። ዕቅድ መስኮቱ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ በእኛ ከተማ ሰው የሚያስመዘግበው የሚችለውን አይደለም፣ ጎረቤት ሲሰማው ደስ የሚለውን ነው። ከቀሩት ሰዎች የሚበዙት በጉራቸው የቀሩ ናቸው። እኔ ግን ዓመቱን እንደምንም ገፋሁት፤ ጳጉሜ ሲገባ እስከ አዲስ ዓመት ድረስ ሚሌ መናኸሪያ መደቡኝ፣ ሄድኩ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን እናቴ ሞተች። ኤፍራታ አልነገረችኝም። የዕድሩን ሰው፣ ጎረቤቱን፣ ቄሱን ሳይቀር አፋቸውን አስያዘች። በማግስቱ ቀበሯት። እኔ መስከረም አንድ ጠዋት ለእናቴ ነጠላ ገዝቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ ስመጣ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጽሕፈት ቤቱ በየሰዉ እጅ ላይ የሚያስረው የዕቅድ አምባር አለ፤ የእኔ ላይ «እንኳን አደረሰዎ፤ አፈጻጸም መቶ በመቶ» የሚል ጽሑፍ እየበራ ነበር።

«ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረሽ፤ ዓመትሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው እታለም» አለችኝ ኤፍራታ። ከልጅነቷ ጀምሮ እታለም ነው የምትለኝ። ያን ቀን ግን ፊቴን አዞርኩባት።

ሐዘንተኛ ቢሆኑም ባይሆኑም መስከረም ሁለት ቀን መመዝገብ ግዴታ ነው። ጥቁር ለብሰን ተሰለፍን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ሦስት ሰው አልፌ ከኋላ። መስኮት ሦስት ላይ ያለው ያፌት የሚባል ጸሐፊ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ከእኛ በፊት አንድ ሽማግሌ «ዘንድሮ የተሻለ ሰው እሆናለሁ» ብለው «አይለካም አባቴ፣ የሚለካ ያምጡ» ተብለው ተመለሱ። የኤፍራታ ተራ ሲደርስ ያፌት ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ከእህቴ ከረድኤት ጋር እታረቃለሁ።»

ዞራ አየችኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ «እሰይ፣ የተባረከች» ስትል ሰማሁ። አንጀቴ አረረ። የእናቴን ፊት ሳላይ አፈር ያለበሰችብኝ አንሶ አሁን ደግሞ ሕዝብ ፊት እሷ ደግ ሆና እኔን ክፉ አደረገችኝ አልኩ። ተራዬ ሲደርስ ያሰብኩትን ሁሉ ትቼ «ዓመቱን ሙሉ ለእህቴ ለኤፍራታ አንድ ቃል አልተነፍስም» አልኩ። ሰምቼ ነው ያልኩት። ሳላውቅ ነው ብዬ አልዋሽም።

የያፌት ፊት በራ። «ግልጽ ነው፣ የሚለካ ነው፤ ዜሮ ቃል» አለ። «ጎበዝ ወይዘሮ ረድኤት፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ ነው የምንፈልገው።»

ሁለቱንም በአንድ መስኮት፣ በአምስት ደቂቃ ልዩነት መዘገባቸው። አንዱ ሌላውን እንደሚያፈርስ ማየት የማንም የሥራ ድርሻ አይደለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔም ወጣ።

ዓመቱ እንዲህ ሆነ። መጻፍም እንደ መናገር ስለሚቆጠር አልጻፍኩላትም። አምባሩ አይወልቅም፤ ማታ ማታ «ዜሮ ቃል። ይበርቱ» ይለኛል። ኤፍራታ ግን መናገር አልተከለከለችም። በሳምንት ሁለት ቀን መናኸሪያ እየመጣች ከመስኮቴ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥና ታወራኛለች። የማን ቀሚስ እንደጠበበ፣ ዶሮዋ እንዴት እንደጠፋች፣ እናታችን ልትሞት ስትል ምን እንዳለች። እኔ የስምሪት ቅጼን እሞላለሁ። አንዳንድ ቀን ሳቄ ይመጣና ጥርሴን ነክሼ አቆየዋለሁ። አምባሩ ሳቅን ከቃል ይቁጠር አይቁጠር የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ንዴቴ የወጣልኝ የካቲት ላይ ነው። እንዲሁ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቼ ስፈልገው የለም። ዕቅድ ማሻሻል የሚቻለው ግን እስከ ጥር 30 ነበር። በስድስት ቀን አለፈኝ። ምን ይደረጋል፣ ዓመቱ ይለቅ፣ መስከረም ሲጠባ እስኪበቃን እናወራለን አልኩ። የእሷ ዕቅድ ሳይፈጸም እንደሚቀር ማሰብ ነበረብኝ። አሰብኩም፤ ግን ሰው የሚያስበውን ሁሉ እስከ ዳር አያስብም። ጤነኛ ናት፣ በእጇ ሙያ አላት፣ ጳጉሜ ላይ ብትቀርም አትራብም ብዬ አለፍኩት።

ሐምሌ ላይ ጋሽ አብዱልሰመድ ቢሮዬ መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ከእናታችን ጋር አንድ ዕድር ነበሩ፣ በእኔና በኤፍራታ መካከል ሲመላለሱ የከረሙትም እሳቸው ናቸው።

«ዓይኗን አሟታል» አሉኝ ሳይቀመጡ። «የዓይን ግፊት ነው አሉ። የግራው ጠፍቷል። ቀኙን ጥቅምት አራት ቀዶ ሕክምና ቀጥረዋታል። ከጥቅምት ካለፈ አበቃ ብሏል ሐኪሙ።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስለ ዶሮዋ ስታወራኝ ከርማ ይህን አልነገረችኝም። ልማዷ ነው፤ ክፉ ወሬ ከእሷ አይሰማም።

«መስከረም ካልጠባላት ጥቅምት አራት ከየት ይመጣል ረድኤት?» አሉ ጋሽ አብዱልሰመድ።

በማግስቱ መስኮት ሦስት ሄድኩ። ያፌት ወንበር አስመጣልኝ፤ እውነቴን ነው፣ አክብሮ ነው ያነጋገረኝ። ማሻሻያ እስከ ጥር 30 እንደነበር ነገረኝ። እርቅ ማለት ሁለቱ ወገኖች ከጳጉሜ አምስት በፊት መስኮቱ ፊት ቀርበው በየአንደበታቸው «ይቅር ብያለሁ» ሲሉ እንደሆነም ነገረኝ። ይህን ካልኩ እሷ ትሻገራለች፣ ዓይኗ ይተርፋል፤ ቃሉ ለእሷ እንደተነገረ ስለሚቆጠር የእኔ ዕቅድ ግን ይፈርሳልና እኔ እቀራለሁ። ካላልኩ እኔ እሻገራለሁ፣ እሷ ትቀራለች።

«ሁለታችንም የምንሻገርበት መንገድ የለም?» አልኩት።

«የለም እማማ። ማንም አላስገደደዎትም እኮ፤ ቃሉ የእርስዎ ነው» አለኝ።

ለጋሽ አብዱልሰመድ «እላለሁ» አልኳቸው። «አብሽሪ፣ ሁለት ቃል ናት፤ አላህ ሌላውን ያቀለዋል» አሉኝና ሄደው ለኤፍራታ ነገሯት። ከልቤ ነበር። በዚያ ሳምንት ማንም ሊያስቆመኝ አይችልም ነበር። ያኔውኑ ወስጄአት ብሄድ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ። ግን እስከ ጳጉሜ አምስት ጊዜ አለ፤ የነሐሴን ደሞዝ ልቀበል፣ ቤቴን ላዘጋጅ፣ ዝናቡ ያባራ አልኩ። ደግ ሥራ ቀጠሮ ከሰጡት ይበላሻል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጸጋአብን ልጠይቀው ሄድኩ። እኔም ጳጉሜ ላይ ስቀር ጎረቤት ብቻ ሳንሆን አገራችንም አንድ ይሆናል ብዬ ነው። በሩን ራሱ ነው የሠራው፣ የሚያምር በር ነው፤ ሲከፍተው ግን ማጠፊያው ዝጓል። ተቀበለኝ፣ ወንበር ጠረገልኝ። ሲያወራ «ዘንድሮ» የሚለው የዛሬ ሦስት ዓመቱን ነው። «ዘንድሮ ጎርፍ በዛ አይደል?» አለኝ። የትኛው ጎርፍ እንደሆነ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ከባድ ነው ጸጋዬ?» አልኩት።

እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አይከብድም። ሰው አይመጣም እንጂ አይከብድም።»

እስክወጣ ድረስ ሦስት ጊዜ «ትንሽ ቁጭ በይ» ብሎ ለመነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጳጉሜ አምስት ቀን መስኮት ሦስት ፊት የተሰለፈው ሰው መቶ አርባ ይሆናል። አንዱ በመጨረሻው ሰዓት ሶምሶማ እየሮጠ ኪሎ ሜትር ይሞላል። አንዲት ልጅ ያልጨረሰችውን መጽሐፍ ቆማ ገጽ እየገለጠች ታነባለች፤ ምን እንዳነበበች ብትጠይቃት የምታውቅ አይመስለኝም። ጋሽ አብዱልሰመድ ኤፍራታን ክንዷን ይዘው አመጧት። ቀኝ ዓይኗም ስለደበዘዘባት እንደ ሕፃን እግሯን ቀድማ እየላከች ነው የምትራመደው። መስኮቱ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ተራችን ሲደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

ኤፍራታ ፊቷን ወደ ያፌት ድምፅ አዞረች። «ይቅር ብያለሁ» አለች። ቀጥላ ወደ እኔ መሰላት ዞረችና «አንቺም ይቅር በይኝ እታለም፤ እማዬን ባለማሳየቴ አጥፍቻለሁ» አለች። ይህንን ከዚያ በፊት ብላኝ አታውቅም።

«ወይዘሮ ረድኤት፣ እርስዎስ?» አለ ያፌት።

አፌን ከፈትኩ። አምባሬ ላይ «አሁን ከተናገሩ ዕቅድዎ ይፈርሳል» የሚል ጽሑፍ በራ። አቀፍኳት። ጉንጯን ሳምኩ፣ ዓይኖቿን ሳምኩ፣ አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች።

«መሳም አይመዘገብም እማማ» አለ ያፌት። ክፋት የለበትም፤ ሰዓቱን እያየ ነው። «በአንደበት ነው።»

«በይ እንጂ ልጄ» አሉ ጋሽ አብዱልሰመድ። «ሁለት ቃል ናት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማሽም?»

ቂም አልነበረኝም። ለእግዜርም ለሰውም የምናገረው ይህንን ነው፤ ቅንጣት ቂም አልነበረኝም። ፈራሁ። የዛገው ማጠፊያና ያ ሰው «ትንሽ ቁጭ በይ» ሲል ብቻ ነው የታየኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ «ይ» ለማለት ጥርሴን ገልጬ ነበር። ቆምኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። የኤፍራታ እጅ በእጄ ውስጥ ነበር፤ መጀመሪያ ጠበቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር፣ በኋላ ላላ።

«ተዉአት ጋሼ» አለች። «አታስጨንቋት። እሷ ትሻገር።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነና ያፌት መስኮቱን ዘጋ። ከመዝጋቱ በፊት «መልካም አዲስ ዓመት» አለኝ። ለእሷ አላላትም፤ ለቀሪ ሰው እንዲያ ማለት ክልክል ነው።

መስከረም አንድ ሲነጋ ሮጬ ቤቷ ሄድኩ። ከበሩ ጀምሬ ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር በይኝ፣ እህቴ፣ ኤፊዬ እያልኩ የዓመቱን ሁሉ አፈሰስኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ የእኔ ነገር ይኸው ነው። ኤፍራታ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። «ድምፅሽ እማዬን መስሏል» አለችና ፈገግ አለች። በእሷ አምባር ጳጉሜ ስድስት ነበር።

በማግስቱ እርቃችንን ላስመዘግብ ሄድኩ። ያፌት እሷ በ2104፣ እኔ በ2105 ስለሆንን በሁለት ዓመት መካከል እርቅ እንደማይመዘገብ አስረዳኝ። የቀሪዎችን አቤቱታ የሚያይ ኮሚቴ አለ፤ ከእኛ በፊት አሥራ አንድ ሺህ ሰው ተራ ይዟል። ፎርሙን ሞልቼ ሰጠሁ። ከዚያ የአዲሱን ዓመት ዕቅዴን ጠየቀኝ።

«እህቴን በየቀኑ እጠይቃለሁ» አልኩት።

«ጳጉሜ ላይ ያለ ሰው መጠየቅ አይመዘገብም። ሌላ?»

ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «በቀን ስድስት ሺህ እርምጃ እራመዳለሁ» አልኩ። ከእኔ ቤት የቦርከናን ድልድይ ተሻግሮ እሷ ቤት ደርሶ መልስ ስድስት ሺህ እርምጃ ነው። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ያፌትም «ጎበዝ» አለኝ።

ጥቅምት አራት ቀን ለማንኛውም ብለን ሆስፒታል ሄድን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስሟን አገኘችው። «ቀጠሮው አለ፤ ጥቅምት አራት፣ ሦስት ሰዓት» አለች። «እሳቸው ጋ ግን ዛሬ ጳጉሜ 39 ነው። ጥቅምት አራት ሲደርስላቸው ያምጧቸው።» ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ልወድቅ አልኩ፣ ጠባቂው አነሣኝ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ አየን፣ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። በተከፈተው በር ለእሷ የተነጠፈውን አልጋ አየሁት። እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅን፤ አልጋው ላይ ማንም አልተኛበትም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የቀኝ ዓይኗም ጠፋ። አሁን ቁልፍ ብቻ ነው የምትተክለው፣ በዳሰሳ። መርፌውን የምሰካላት እኔ ነኝ፤ አሥራ አምስት መርፌ ክር አግብቼ ትራሷ ላይ እሰካላትና እሄዳለሁ።

በየቀኑ እሄዳለሁ። በሯ ላይ ስደርስ አምባሬ «ሦስት ሺህ፤ ግማሽ መንገድ» ብሎ ይናገራል። ድምፁን መቀነስ አይቻልም። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ስትሰማ አንድም ቀን ምንም አላለችም። ትናንት ምሳ እየበላን ግን እጇን ከሳህኑ አነሣች።

«እታለም» አለችኝ፣ «የምትመጪው ለእኔ ነው ለእርምጃው?»

«ለአንቺ ነው እንጂ፤ ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«እንግዲያው ነገ እርምጃሽን ሌላ ቦታ ጨርሺና ለእኔ በባጃጅ ነይ። አንድ ቀን ብቻ። ያ ነገር በሬ ላይ ሳይናገር ድምፅሽን ልስማ።»

«እሺ» አልኳት። ደስ አላት፤ ከልቧ ሳቀች፣ ከጳጉሜ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ዛሬ ጠዋት ተነሣሁ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ውጪው ብርድ ነው፤ ስድስት ሺህ ሌላ ቦታ መዞር፣ ከዚያ ደግሞ እሷ ጋ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የከሰዓት ተረኛ ነኝ። ድልድዩ ጋ ሁለት ባጃጆች ቆመው «የት ነው እናት?» አሉኝ። በእግሬ አለፍኳቸው። ነገ በባጃጅ እሄዳለሁ ብዬ አሰብኩ።

በሩ ተከፍቶ ነበር። እሷ አዲስ ሻርፕ አሥራ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ የባጃጅ ድምፅ እየጠበቀች ነበር። እግሬ ደፉን ሲረግጥ አምባሬ «ሦስት ሺህ፤ ግማሽ መንገድ» አለ።

«መጣሽ?» አለች።

«መጣሁ» አልኳት።

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ተነሣችና ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ገብታ ወንበር አመጣችልኝ።